ጎረቤታችን የነበረው መምህር

በ2006 ዓ.ም. መባቻ መሥሪያ ቤታችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያ ልኮን ነበር። ከሴኡል በስተደቡብ በምትገኝ በአንዲት አነስተኛ ከተማ፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ተቀመጥን። ክፍሏ ጠባብ ከመሆኗ የተነሣ አልጋውና ጠረጴዛው ከገቡባት በኋላ ቆሞ ለመጸለይ የምትበቃ ስፍራ ብቻ ቀርታ ነበር። ግድግዳውም ስስ ነበርና የጎረቤታችን ሳል በክፍላችን ውስጥ እንደ ተሳለ ሆኖ ይሰማን ነበር።

ይህ ጎረቤት የአየርላንድ ተወላጅ የሆነ፣ ዕድሜው ከሃያ ስድስት የማይበልጥ ወጣት ነው። ከእርሱ ጋር የተዋወቅነው በቆሻሻ ምክንያት ነበር። በዚያ አገር የቤት ጥራጊ እንዲሁ ተጠቅልሎ አይጣልም፤ የምግብ ትራፊው ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ ተለይቶ፣ የከተማው አስተዳደር ባስወጣው ከረጢት ካልተደረገ በቀር የሚያነሣው የለም። እኛም እርሱም በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ተስኖን፣ አንድ ሌሊት በሕንጻው በር ላይ የሽንኩርት ልጣጭ እንደ ያዝን ተገናኘን። ሁለት የተማሩ ሰዎች በአንድ ከረጢት ፊት መሃይማን ሆነው መቆማቸው ስላሳቀን ወዲያው ተግባባን።

ኮሪያውያን እንደኛው ዕድሜን የሚያከብሩ ሕዝብ ናቸው፤ ታናሽ ታላቁን በስሙ ብቻ አይጠራም። ወጣቱም ይህን ልማድ ከተማሪዎቹ ቀስሞ ኖሮ፣ በአገራችን ታላቅ ወንድም ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠየቀን። «ጋሼ» አልነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ተለያየንበት ሰዓት ድረስ በሌላ ስም ጠርቶን አያውቅም። ይህን ገና ከመነሻው ማውሳታችን ለጨዋታ ብለን አይደለም፤ ወደ ታች እንደሚታየው፣ ጋሼ ተብሎ መጠራት ዕዳ አምጥቶብናል።

ሥራው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር ነበር፤ ነገር ግን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይሆን ኮሪያውያን «ሀግዎን» በሚሉት የግል ማስጠኛ ቤት ነው። ስለዚህ ቤት ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ (ስለ ውጭ አገር ጉዳይ የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑንም አንባቢ ይረዳልን)። በኮሪያ አንድ ሕፃን ከመደበኛው ትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ቢጫ አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀውና ወደ ሀግዎን ይወስደዋል። በዚያም ሒሳብ ወይም ፒያኖ ወይም እንግሊዝኛ ሲማር ያመሻል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሰውን ዕድል እንደሚወስን ስለሚያምኑ፣ ወላጆች ያላቸውን ሁሉ በዚህ ላይ ያፈሳሉ። መንግሥት ነገሩን ለመግታት ሞክሮ ነበር፤ በ1980 የጄኔራል ቹን ዱ ህዋን አገዛዝ የግል ማስጠናትን ከለከለ፤ በ2000 ግን የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ክልከላውን ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው ብሎ አፈረሰው። በሴኡል የሚገኙ ሀግዎኖች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ የሚያዝዘው ደንብም ተከራካሪ ተነሥቶበት፣ በ2009 በዚያው ፍርድ ቤት ጸንቷል። ልጆች ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ወደ መኝታቸው እንዲሄዱ የዳኞች ውሳኔ ማስፈለጉን ስንሰማ መገረማችንን አንደብቅም።

በዚህ ገበያ ውስጥ የውጭ አገር መምህር ለሀግዎኑ እንደ ሰንደቅ ነው። እናቶች ልጃቸውን ከማስመዝገባቸው በፊት በመስኮት ብቅ ብለው ሊያዩት ይፈልጋሉ። ስለዚህም «ኢ-2» በሚባለው ቪዛ የሚገባው ሰው ከሰባት አገሮች የአንዱ ዜጋ መሆን አለበት፤ አገሮቹም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከዜግነቱ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃና የጤና ምርመራ ይጠየቃል። የተማረው ትምህርት ምንም ቢሆን ግድ የለም። ጎረቤታችን በታሪክ የተመረቀ ሲሆን፣ ሕፃናትን ስለ ማስተማር አንድ ቀን ስንኳ ተምሮ አያውቅም ነበር፤ እሑድ ማታ ከአውሮፕላን ወርዶ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በዐሥራ አራት ሕፃናት ፊት አቆሙት። በዚያን ጊዜ ኮሪያውያን መምህራን የማይጠየቁት የኤች አይ ቪ ምርመራ ለእነዚህ መምህራን ግዴታ ነበር። አንዲት የኒውዚላንድ መምህርት አቤቱታ አቅርባ፣ የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎን የሚከታተለው ኮሚቴ በ2015 ስለ ፈረደላት፣ ግዴታው በ2017 ቀርቷል።

እኛንም አንድ ጊዜ ምኞት ሽው ብሎብን ነበር። የቅዳሜ ክፍል መምህር ጎድሎባቸው ኖሮ፣ ወጣቱ ስለኛ ለቤቱ ባለቤት ነገራቸው። ባለቤቱም በአክብሮት ተቀብለውን ስለ ዕውቀታችን ሳይጠይቁ ፓስፖርታችን የየት አገር እንደ ሆነ ብቻ ጠየቁ። ስንነግራቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡን። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ኮሪያ ስለ ደረሰው ስለ ቃኘው ሻለቃ አባታቸው ያጫወቷቸውን እያነሡ ብዙ አመሰገኑ፤ ሥራውን ግን ሕጉ አይፈቅድም አሉን። ይህም እውነት ነበርና ቅር አላለንም። እንዲያውም የአባቶቻችንን ውለታ የሚያስታውስ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ብለን በልባችን መዘገብናቸው። ስሕተታችን የተጀመረው በዚህ ቀን ይመስለናል።

የወጣቱን ውል በኋላ ደጋግመን አንብበነዋል። ባለ ስድስት ገጽ ነው፤ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት የተገኘ እንደ ሆነ የኮሪያኛው ይጸናል ይላል። በወር ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺሕ ዎን ደመወዝ፣ ቀጣሪው የሚከራየው የመኖሪያ ክፍል፣ የመምጫና የመመለሻ የአውሮፕላን ዋጋ፣ ዓመቱን ለጨረሰም የአንድ ወር ደመወዝ የሚያህል የስንብት ገንዘብ ተጽፎለታል። ይህ የመጨረሻው የባለቤቱ ችሮታ አይደለም፤ በዚያ አገር ማንኛውም ሠራተኛ አንድ ዓመት ሙሉ ካገለገለ ለእያንዳንዱ ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ እንዲከፈለው ሕግ ያዝዛል። የማስተማሪያው ጊዜ በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ነው። ወጣቱ በአገሩ ሆኖ ይህን ሲያነብ ቀላል መስሎት ነበር።

ሠላሳው ሰዓት ግን የሚቈጠረው መምህሩ በክፍል ውስጥ ቆሞ ሲናገር ብቻ ነበር። ደብተር ማረሙ፣ ለየተማሪው ወላጅ በየወሩ ደብዳቤ መጻፉ፣ ትንንሾቹን እስከ አውቶቡስ መሸኘቱ አይቈጠርም። ምሽት ላይም ለየተማሪው ቤት እየደወለ ሦስት ሦስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ማነጋገር ነበረበት፤ ከግድግዳው ማዶ «ዛሬ ምን በላህ? ነገ ምን ትበላለህ?» እያለ ሃያ ጊዜ ሲጠይቅ እንሰማው ነበር። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ካሜራ ተተክሎ፣ ባለቤቱ በቢሯቸው ተቀምጠው ሁሉንም በአንድ መስኮት ይመለከታሉ። መምህሩ ወንበር ላይ ጥቂት ዐረፍ ያለ እንደ ሆነ ጸሐፊዋ መጥታ በሩን ታንኳኳለች። በታኅሣሥ ወር ጉንፋን ይዞት ድምፁ ጨርሶ ተዘጋ፤ ውሉ ሦስት የሕመም ቀን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ተተኪ ስለሌለ አንድም ቀን ሳይቀር እየሄደ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈና በእጁ እያመለከተ አስተማረ። ሕፃናቱ አዲስ ጨዋታ መስሏቸው እጅግ ደስ አላቸው አለን።

ስለ ደመወዙም አንድ ነገር ነበር። በየወሩ ከሚሰጠው ወረቀት ላይ ለጡረታና ለጤና መድን የሚቈረጥ አልነበረም፤ የሚቈረጠው ሦስት ነጥብ ሦስት ከመቶ ግብር ብቻ ነው። ወጣቱ ይህን ሲያሳየን ተቀናሹ ማነሱ መልካም ዕድል ነው ብለን አመሰገንንለት። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ሦስት ነጥብ ሦስት ከመቶ የሚቈረጠው በራሱ ተዳዳሪ ከሆነ ነጋዴ እንጂ ከተቀጠረ ሠራተኛ አይደለም። ባለቤቱ መምህሩን በነጋዴ ስም ባስመዘገቡት ጊዜ፣ ለእርሱ መክፈል የነበረባቸውን የጡረታና የመድን ድርሻ ይተርፋቸዋል፤ ክርክር ቢነሣም የስንብት ገንዘብ የሚገባው ሠራተኛ አልነበረም ለማለት መንገድ ይሆናቸዋል። የኮሪያ ፍርድ ቤቶች በተለያየ ጊዜ የሀግዎን መምህራን ሠራተኞች ናቸው ብለው ፈርደዋል። ፍርዱን የሚያገኘው ግን የከሰሰ ነው፤ ለመክሰስ ደግሞ በአገሩ መቈየት ያስፈልጋል፤ ለመቈየትም ፈቃድ ያስፈልጋል። የጎረቤታችን ደመወዝ፣ የሚያድርበት ጣሪያና የመኖሪያ ፈቃዱ ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ቤት ለመዛወር ቢፈልግ እንኳ ያው ሰው የመልቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፉለት ይገባል።

ወጣቱ እየመጣ ሲያማርር እኛ እንመክረው ነበር። ምክራችንም ካደግንበት ቤት ያገኘነው ነው፤ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል፣ አለቃ እንደ አባት ነው፣ ሰው አገር ያለ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አለበት አልነው። በጥር ወር የኮሪያውያን የጨረቃ አዲስ ዓመት ሲደርስ፣ በሳጥን የታሸገ ትልልቅ የኮሪያ ሸክኒት ገዝቶ ለባለቤቱ እንዲወስድ ያደረግነውም እኛ ነን። ወሰደ፤ ባለቤቱም በሁለት እጃቸው ተቀብለው አመሰገኑት። ማታ ተመልሶ «ጋሼ፣ ምክርዎ ሠራ» ሲለን ደስታችን ልክ አልነበረውም።

በዚያው ማስጠኛ ቤት የምትሠራ አንዲት ዕድሜዋ የገፋ የካናዳ ተወላጅ መምህርት ነበረች። እሑድ እሑድ ከወጣቱ ጋር እየመጣች፣ ከአዲስ አበባ ባስመጣነው በርበሬና ሽሮ የሠራነውን ወጥ በኮሪያ ሩዝ ትበላ ነበር። እርሷ እንደኛ በትዕግሥት የምታምን አልነበረችም። ቀደም ሲል በጃፓን ብዙ ዓመት አስተምራ ስለ ነበር፣ በዚያ የሆነውን ስታጫውተን ሩዙ ይቀዘቅዝብን ነበር።

በ1981 በኦሳካ የተቋቋመው ኖቫ የተባለው ድርጅት ከጃፓን የግል ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ትልቁ ነበር። በ2007 የበጋ ወራት መንግሥት፣ ደንበኞችን የሚያሳስት አሠራር አግኝቼበታለሁ ብሎ አዲስ የረጅም ጊዜ ውል እንዳይዋዋል ለስድስት ወር ከለከለው። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ይዘገይ ጀመር፤ ቀጥሎም ቆመ። በጥቅምት 26 ቀን ድርጅቱ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ። አራት ሺሕ ያህል የውጭ አገር መምህራን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከሁሉ የከፋው የቤታቸው ነገር ነው፤ ድርጅቱ ኪራዩን ከየደመወዛቸው እየቈረጠ ይዞ፣ ለአከራዮቹ ግን አልከፈለም ነበርና፣ ብዙዎቹ ልቀቁ የሚል ወረቀት በበራቸው ሥር አገኙ። ካናዳዊቷ በዚያ ዘመን በኦሳካ በሌላ ቤት ታስተምር ነበርና ሁሉንም በዓይኗ አይታለች። የሠራተኛ ማኅበሩ መምህራኑ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው በምግብ ለውጥ እንዲያስተምሩ አዘጋጀ፤ የአንድ ሰዓት ትምህርት ዋጋ ምሳ ወይም ጥቂት ሩዝ ሆነ። የድርጅቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንትም 320 ሚሊዮን የን ከሠራተኞች መረዳጃ ገንዘብ ላይ አላግባብ አውጥተዋል ተብለው በ2009 ተፈርዶባቸዋል።

እርሷ ግን ከዚህ ውድቀት ይልቅ ደጋግማ ታነሣ የነበረው ስለ ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። በጃፓን የሳምንቱ ሥራ አርባ ሰዓት ሲሆን፣ ከዚህ ሦስት አራተኛውን ማለት ሠላሳ ሰዓት የሠራ ሰው በቀጣሪው የጤናና የጡረታ መድን ውስጥ ሊገባ ይገባው ነበር። ስለዚህ የብዙ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ውል ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ ይላል። «በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ እርጅናዬ ገብቷል» አለችን። ይህ ወሰን ከ2016 ጀምሮ በመጀመሪያ በትልልቆቹ ድርጅቶች፣ ቀጥሎም በአነስተኞቹ ወደ ሃያ ሰዓት እየወረደ ሄዷል፤ ለእርሷ ግን አልደረሰላትም።

ደግሞ ስለ በርሊትዝ ትምህርት ቤቶች ታወራ ነበር። በጃፓን ከመቶ በላይ የሚሆኑ የበርሊትዝ መምህራን ከ2007 ታኅሣሥ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በየክፍለ ትምህርቱ ተራ በተራ ሥራ እያቆሙ አራት ነጥብ ስድስት ከመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቁ። ድርጅቱም ማኅበራቸውን የመቶ ዐሥር ሚሊዮን የን ካሣ ጠይቆ ከሰሳቸው፤ የቶክዮ ፍርድ ቤት ግን በ2012 የካቲት ወር ክሱን ውድቅ አደረገው። ወጣቱ የበርሊትዝን ስም ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የአገሩ ታላቅ ደራሲ ጄምስ ጆይስ የዚሁ ድርጅት መምህር እንደ ነበር ነገረን። ጆይስ በ1904 በእንግሊዝ አገር በተቀመጠ አገናኝ አማካይነት በዙሪክ ሥራ ተይዞልሃል ተብሎ ከሚወዳት ሴት ጋር ቢሄድ፣ የዙሪኩ ኀላፊ ስለ እርሱ ጭራሽ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ትሪየስቴ፣ ከትሪየስቴም ወደ ፖላ ተላከና በሳምንት ዐሥራ ስድስት ሰዓት እያስተማረ ሁለት ፓውንድ ይከፈለው ጀመር። ካናዳዊቷ ይህን ሰምታ «ዐሥራ ስድስት ሰዓት ብቻ? መጽሐፍ ለመጻፍ ጊዜ ያገኘው ለዚህ ነዋ!» ብላ አሳቀችን።

ሐምሌ ገባ። በኮሪያም እንደኛው በዚህ ወር ዝናቡ ይበረታል፤ መንገዱ ሁሉ ጃንጥላ ይሆናል። አንድ ዓርብ ምሽት ወጣቱ ጫማውን ሳያወልቅ በራችን ላይ ቆመ። ጫማ ማውለቅን ከገዛ ልማዱ አስበልጦ የያዘ ልጅ ስለ ነበር ነገር መኖሩን ወዲያው ዐወቅን። የተማሪ ቍጥር ስለ ቀነሰ ከወሩ መጨረሻ በኋላ አያስፈልግህም ተብሏል። ሥራ የጀመረው በመስከረም መጀመሪያ ነበርና፣ ወሩ ሲያልቅ ዐሥራ አንድ ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ የስንብት ገንዘብ የሚገባው ደግሞ ዓመት ለሞላው ብቻ ነው። ክፍሉንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል።

ባለቤቱ ሲያሰናብቱት በኮሪያኛ ብቻ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጥተውታል። ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ወረቀት ነው፤ ከፈረምህ የመልቀቂያ ደብዳቤውን እጽፍልሃለሁ፤ ካልፈረምህ ግን ከአገር ከመውጣት በቀር ምርጫ የለህም ብለውታል። እርሱም ሳይፈርም ወረቀቱን ይዞ ወደኛ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለን።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብን ግልጽ ነው። ከኛ ጋር የምትማር ኮሪያዊት ወዳጅ ነበረችን፤ ጠርተን ማስነበብ እንችል ነበር። ካናዳዊቷም የምትኖረው ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው። እኛ ግን ለአባቶቻችን ጎንበስ ብለው እጅ የነሡትን ሰውዬ አስታወስን፤ በክርክር ከመለያየት በሰላም መለያየት ይሻላል፣ ሰውየው ቃላቸውን ይጠብቃሉ ብለን፣ «ፈርምላቸው» አልነው። የፈረመበትን ብዕርም ያቀበልነው እኛ ነን።

ሰውየው በእርግጥ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ የመልቀቂያውን ደብዳቤ በማግሥቱ ሰጥተውታል። ወጣቱ ግን ሌላ ሀግዎን ለመፈለግ ልቡ አልፈቀደም። ዕቃውን ይዞ ወደኛ ክፍል ተዛወረና፣ ለጸሎት ትበቃለች ባልናት ስፍራ ላይ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት ጀመረ። በሕጉ የመጨረሻው ደመወዝ በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ ሊከፈል ይገባ ነበር፤ ሲከፈል ግን ግማሹ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለግድግዳ ወረቀት፣ ለመጋረጃ፣ ለጽዳትና ለመምጫው አውሮፕላን ዋጋ የሚል ዝርዝር ተያይዞበታል። በዚህ ጊዜ ነው ኮሪያዊቷን ወዳጃችንን ይዘን ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የሄድነው።

ተቆጣጣሪው ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የወጣቱን የሰዓት መመዝገቢያ ደብተር አገላብጠው አይተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ከዚያም ያችን አንድ ገጽ አነሡ። በኮሪያኛ «ሳጂክሶ» ይሏታል፤ ወዳጃችን ስትተረጕምልን «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» የምትል ሆና ተገኘች። ተቆጣጣሪው በጣታቸው ፊርማውን እየነኩ አስረዱን። ቀጣሪ ሠራተኛውን ሲያሰናብት ሠላሳ ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ይህን ካላደረገም የሠላሳ ቀን ደመወዝ መክፈል ይገባዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት የተባረረም ሰው በሦስት ወር ውስጥ ለሥራ ግንኙነት ኮሚሲዮን አቤት ማለት ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ለተባረረ ሰው ነው፤ በፈቃዱ ለለቀቀ አይደለም። ስለ ተቈረጠው ደመወዝ እንደሆነ ሕጉ አይፈቅድም ብለው ወዲያው ስልክ አነሡ። ገንዘቡ ከሳምንት በፊት ሙሉ ሆኖ ገባ። የተቀረው ቀረ።

ወዳጃችን በትርጕሙ መካከል ቀና ብላ «እንዲፈርም የመከረው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ወጣቱ «ማንም አልመከረኝም» አለ። እኛም ዝም አልን። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነናል። ለካናዳዊቷ ግን በሚቀጥለው እሑድ ራሳችን ነገርናት፤ ማንኪያዋን አስቀምጣ «እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፤ ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም።

በእነዚያ ሌሊቶች ወጣቱ ከአልጋችን ሥር ተኝቶ ሲተነፍስ እየሰማን፣ በልጅነታችን ያስተማሩንን የሒሳብ መምህር እናስብ ነበር። የህንድ ሰው ነበሩ፤ በዚያን ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የህንድ መምህር አይታጣም። አነጋገራቸውን እያስመሰልን ስንስቅ ኖረናል፤ የት እንደሚያድሩ፣ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ውላቸውን ማን እንደሚያድስላቸው ግን አንድ ቀን ስንኳ አስበን አናውቅም። ሊሄዱ ሲሉ ዕቃቸውን በገበያ ቀን በራቸው ላይ አውጥተው ሸጡ። አባታችን የገዙት የሸንበቆ ወንበር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በቤታችን ነበር። ገንዘቡን ሲቀበሉ መምህሩ «ዋጋው አነሰ» ብለው፣ ወዲያው ደግሞ «ግድ የለም» ማለታቸው ትዝ ይለናል፤ ከዚያ በፊት አማርኛ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወጣቱ ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከደረጃው ላይ የሻንጣ ጎማ ድምፅ ሰማን። በሩን ገርበብ አድርገን ብናይ፣ ባለቤቱ በሁለት እጃቸው ሁለት ሻንጣ ይዘው እየተነፈሱ ይወጣሉ፤ ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሴት ትከተላለች። እኛን ሲያዩ ሻንጣውን አስቀምጠው እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እኛም ነሣን። አዲሷ መምህርት ከደቡብ አፍሪካ መምጣቷን፣ ሰኞ ሥራ እንደምትጀምር ነገሩን። ወጣቱ ከኋላችን ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማ ነበር።

ባለቤቱ ከወረዱ በኋላ ከሰዓት መመዝገቢያው ደብተር አንድ ቅጠል ቀደደና ጥቂት መስመር ጻፈ። በመጀመሪያው መስመር ላይ 1350 የሚል ቍጥር አለ፤ ይህ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የስልክ ቍጥር ነው። ከሥሩ የካናዳዊቷን ስልክ አደረገ። በመጨረሻም በኮሪያኛ ፊደል «ሳጂክሶ» ብሎ ጽፎ በዙሪያው ክብ አዞረበት። «ጋሼ፣ እርስዎ ይስጧት» አለን፤ «በመጣችበት ቀን እኔን ብታይ ትደነግጣለች»።

ሄደን አንኳኳን። ስትከፍት ፊቷ በጉዞ ብዛት ገርጥቷል፤ በእጇ የሙዝ ልጣጭ ይዛለች። ማንነታችንን ከነገርናት በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ የምግብ ትራፊ በየትኛው ከረጢት እንደሚጣል ነበር። ይህንስ ዐውቀነዋል አልናትና፣ ከክፍላችን አንድ ከረጢት አምጥተን ከወረቀቱ ጋር ሰጠናት። ወረቀቱን እዚያው በራችን ላይ ቆማ እንድታነብልን ለመንናት።